አምስት ጥፍር ለቤት

ስለ እህቴ ሰፈሩ ብዙ ያወራል። አንዱ ዓይኗ ፈዘዘ ይላል፤ ሌላው እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ ይላል፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደግሞ «ጠግባ ነው ሥራ ያቆመችው» ይላል። ሁሉም አያውቁም። እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ ስለዚህ እኔ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ቃል ሲያጥረኝ እንደምናገረው አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ እንግዲህ ታገሡኝ።

ታላቄ ናት፣ እኔ እታለም ነው የምላት። ሰፈሩ ግን «ፈልቃቂዋ» ይላታል፣ ባቄላ የምትፈለቅቅ ይመስል። ሥራዋ ከአሮጌ ጌጥ ላይ ፈርጥ ማውጣት ነው። ሰው የአያቱን ቀለበት፣ የአክስቱን ጉትቻ ያመጣላታል፤ እሷ ድንጋዩን ሳትሰብር ሳትጭር ታወርደዋለች። ወርቁ ቀልጦ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ድንጋዩ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ወርቅ ሠሪዎቹም ይልኩባታል። ቸኩለው ከነድንጋዩ እሳት ያስነኩትና ድንጋዩ ከሁለት ሲሰነጠቅ ያን ጊዜ ነው በራችን የሚታወሳቸው። እታለም ደግሞ ስድብ አታውቅም፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ትላቸዋለች፣ በቃ።

ሥራ ቤቷ የቤታችን የፊተኛው ክፍል ነው። ጠረጴዛዋን አባባ ነው የሠራላት፤ ድንጋይ ተንከባሎ እንዳይወድቅ ዙሪያው ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። በላዩ ነጭ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን። ወረንጦ፣ ስስ ቢላዋ፣ የእንጨት ስንጥር፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ጫፉ ላይ ሰም የተደፋበት እንጨት፣ ዓይኗ ላይ የምትሰካው ማጉያ መነጽር። ምንጣፍ አይነጠፍም። ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ጥራጊው ቆርቆሮ ውስጥ ተጠራቅሞ ሳይነፋ አይደፋም። አንድ ጊዜ ከጥራጊው ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ሰማያዊ ድንጋይ አግኝቼ ስሰጣት «አንቺ ዓይን ነው ያለሽ» አለችኝ፣ ያን ቀን ምግብ ሳልበላ ጠግቤ ዋልኩ።

ከሥራ ቤቱ ቀጥሎ በአንድ በር የሚገባበት የእማዬ ክፍል ነው። ይህን በር ልብ በሉልኝ።

አሁን እንዴት እንደምትሠራ ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የኋላው ነገር አይገባም። መጀመሪያ ድንጋዩን አትነካም። ታያለች። ስንጥቅ ያለበትን ታውቀዋለች፤ አረንጓዴው ድንጋይ ውስጡ ስንጥቅ ይበዛዋል፣ እሱን ሙቅ ውሃ አታስነካውም። ሉል ከሆነ ሳሙና አታስነካውም። ከዚያ ጌጡን በመዳፏ ጨብጣ ትቀመጣለች፣ የሰውነቷን ሙቀት እስኪወስድ። ቀዝቃዛ ድንጋይ ድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃልና። «እጅ እያስለመድኩት ነው» ትላለች። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ የዘመኑን እድፍ በብሩሽ ታስለቅቃለች፤ ድንጋይን አንቆ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ወርቁ ሳይሆን እድፉ ነው። ሲደርቅ ሰሙ ላይ ትተክለዋለች።

ድንጋዩን ዙሪያውን ጨብጠው የሚይዙትን ቀጫጭን የወርቅ እግሮች እኛ ጥፍር እንላቸዋለን፤ ድንጋዩ የሚቀመጥበትን ደግሞ ጎጆ። ቢላዋዋን በጥፍሩና በድንጋዩ መካከል ታሾልካለች፤ ስትፈነቅል ቢላዋው የሚደገፈው ወርቁ ላይ ነው፣ ድንጋዩ ላይ በጭራሽ። ጥፍሮቹን ተራ በተራ አትከፍትም፣ አንዱን እየዘለለች ነው፤ በአንድ ወገን ከተከፈተ ድንጋዩ አጋድሎ ይሰበራል። ወርቁ ካረጀ ደግሞ በአንድ ጠዋት ከአንድ ጥፍር በላይ አትከፍትም። ሁሉም ሲከፈት ድንጋዩን ይዛ አትጎትትም። ጎጆውን ሳህኑ ላይ ትገለብጠውና ከኋላው በስንጥር ኳ፣ ኳ ታደርጋለች። ድንጋዩ ራሱ ጠብ ይላል። «ድንጋይ አይነቀልም፣ ይወርዳል» የአባባ ቃል ነው።

አባባ ወርቅ ሠሪ ነበር። ሌላም ቃል ነበረው። የሞተ ሰው ጌጥ ዝም ያለ ነው፣ እንደፈለጋችሁ ፍቱት ይላል። የሕያው ሰው ከሆነ ግን ፈርጡ ሲወርድ ባለቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይይ፤ ባዶውንም ጎጆ ወዲያው ጣቱ ላይ አጥልቆ እስኪቀዘቅዝ ይቆይ። ለምን ስንለው «እኔም አባቴን አልጠየቅኩም» ይለን ነበር።

እታለም በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። አንዴ አንዲት ወይዘሮ በጥቁር መነጽር፣ የመኪናዋን ቁልፍ እያሽከረከረች ቀለበት ይዛ መጣች።

«የቀለበቷ ባለቤት በሕይወት አለች?» አለቻት እታለም።

«ምን አገባሽ አንቺ? የእናቴ ነው።»

«ካሉ ይምጡና እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡ።»

«እግራቸውን ያማቸዋል እኮ! እኔ እያለሁ…»

«እንግዲያው እኔ እመጣለሁ። ወንበር ከሌላቸውም ወንበሩን ተሸክሜ እመጣለሁ።»

ወይዘሮዋ ሳቀች። እታለም ግን እውነቷን ነበር፤ በማግስቱ እሷ መሣሪያዋን፣ እኔ ወንበሩን ይዘን ሄድን። ሰው ሁሉ ቤት እየለቀቅን መስሎት ነበር።

በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሚስማር የተመታበት ጣውላ አለ። ገና ያልተወሰዱ ባዶ ጎጆዎች እዚያ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ጥፍራቸው እንደተከፈተ። እውነቱን ልናገር፣ ስጠርግ ጀርባዬን አልሰጣቸውም። የወፍ ጫጩት አፉን ከፍቶ እናቱን ሲጠብቅ አይታችኋል? እንደዚያ ነው የሚመስሉት። ለእታለም ነግሬያት አላውቅም፣ ትስቅብኛለች ብዬ።

እማዬ ግማሽ ጎኗ ከሞተ ቆይቷል። የደም ግፊቷ አንድ ጠዋት ጣላት፤ ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናት፣ አትናገርም፣ ቀኝ እጇ ተጨብጦ ቀረ። አውራ ጣቷ ከላይ ሆኖ አራቱን ጣቶች ቆልፎ ይዟል። ነርሷ በየጊዜው እየመጣች ታየዋለች፤ «በግድ አትክፈቱት፣ በጣቶቹ መሃል ለብ ባለ ጨርቅ አጽዱ» ብላናለች። የምታጥባት እታለም ናት፣ በዚያ ድንጋይ በምታጥብበት እጅ። እማዬ ሲታጠብላት «ሕምም… ሕምም…» ትላለች፣ ልጅ እንደምታስተኛ። የቀራት ድምፅ ያ ብቻ ነበር። እታለምም መልሳ «ሕምም» ትላታለች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ሁለቱ የሚነጋገሩ ነበር የሚመስለኝ።

እንዲህ ስንኖር ወንድማችን መጣ። ሹፌር ነው፣ ትልቅ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ ሲያወራም ተሳፋሪ እንደሚጠራ ነው።

«እታለሜ! ልጄን ልድራት ነው!»

«እሰይ! የእኔ ቆንጆ!» አለች እታለም፣ ተነሥታ ሳመችው።

«እንግዲህ የእማዬ ቀይ ፈርጥ የማን ነበር?»

የልጅቷ ነበር። እማዬ በደኅናዋ ጊዜ በሁላችንም ፊት «ስታገባ ፈርጡ የእሷ ነው» ብላለች። አባባ ራሱ የሠራላት ቀለበት ነው፤ ሌሎች ቀለበቶች ፈርጡን የሚይዙት በአራት ጥፍር ሲሆን የእማዬ አምስት ነበረው። «አራት ጥፍር ለገበያ፣ አምስት ለቤት» ይል ነበር አባባ። «አንዱ ቢሰበር አራቱ ይይዛሉ።» እማዬ የወደቀች ቀን ሐኪም ቤት ከጣቷ አውልቀው ሰጡን፣ ከዚያ ወዲህ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነበር።

«የሙሽራዋ ቀለበት አዲስ ወርቅ ይሆናል፣ ፈርጡ የእማዬ» አለ ወንድማችን። «አንቺ እንደሆንሽ ባቄላውን ትፈለቅቂዋለሽ። ሠርጉ ሳይደርስ ግን! ያንቺ ነገር፣ ድንጋዩን በሐሳብሽ አሳምነሽ ነው የምታወርጂው።»

«አንተ ቀልድ ብቻ!» አለችው።

ከሄደ በኋላ ሳጥኑን ከፍታ ቀለበቷን አነሣቻት። ያን ጊዜ ፊቷን አየሁት።

«ሞቃለች» አለችኝ።

«ሳጥኑ መስኮት አጠገብ ስለዋለ ይሆናል።»

«ይሆናል።» በመዳፏ ጨበጠቻት። ሌላ ጊዜ ሙቀት የምትሰጠው እሷ ነበረች፤ ያን ቀን የምትቀበል ነበር የሚመስለው።

የአባባን ቃል አልረሳችም። ግን እንዴት ይደረግ? እማዬ ወንበር ላይ አትቀመጥ፤ ጎጆውን ጣቷ ላይ እናጥልቅ ብንል ጣቱ በጭብጧ ውስጥ ነው። እታለም አሰበችና የመካከሉን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ይኸው ፊት ለፊት ነን» አለች። «በር ከተከፈተ ከወንበር በምን ያንሳል?» ለሰው ወንበር ተሸክማ የምትሄድ ሴት ለእናታችን በር ከፈተችላት። ያኔ ለሁለታችንም ትክክል መሰለን።

በመጀመሪያው ጠዋት ቀለበቷን አጥባ፣ ሰሙ ላይ ተክላ፣ አንዱን ጥፍር ከፈተች። እኔ እማዬ ዘንድ ነበርኩ፣ ትራሷን እያስተካከልኩ። ትንሿ ጣት ተንቀሳቀሰች። በመጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ቀስ ብላ፣ ቅጠል ከጸሐይ ሲገናኝ እንደሚዘረጋ፣ ከጭብጡ ወጥታ ተዘረጋች።

«እታለም! እታለም! ነይ!»

ቢላዋዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች። ሁለታችንም አለቀስን። ያን ሁሉ ጊዜ ያልተፈታ እጅ! እታለም ትንሿን ጣት ስማ ስማ አልጠገበችም። ነርሷም መጥታ አይታ «አንዳንዴ ይፈታል፣ ደስ ይበላችሁ» አለችን። ልብስ ሰፊው ሳይቀር «ሳይደግስ አይጣላም» ብሎ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

ያን ቀን ስትታጠብ እማዬ «ሕምም» አላለችም። ደስታችን በዝቶ ልብ አላልነውም።

በማግስቱ ጠዋት የመሃል ጣቷ ተፈታች። አሁንም ጮህኩ፣ አሁንም ተሳሳምን። ግን ከሰዓት በኋላ ሾርባዋን ስሰጣት ዓይኗ አልተከተለኝም። ማንኪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ብወስደው ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ደክሟት ነው አልኩ።

በሦስተኛው ጠዋት አውራ ጣቷ ከላይ ተነሣ። ይህን ጊዜ አልጮህኩም። እማዬ ትንፋሽ ወሰደች፣ ከዚያ ቆየች። ቆየች። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ከዚያ መለሰችው። ወደ ሥራ ቤቱ በር ሄጄ ቆምኩ።

«ተፈታ» አልኩ።

እታለም ማጉያውን ከዓይኗ አወረደች። «የትኛው?»

«አውራ ጣት።»

ቢላዋዋን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በጣም በዝግታ «መጀመሪያ ትንሿ» አለች። «ከዚያ የመሃሏ። ከዚያ አውራ ጣት።»

«አዎ።»

«አንዱን እየዘለለ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ቀለበቷን ከነእንጨቷ ወደኔ አዞረቻት። ሦስት ጥፍር ወደ ውጭ ተከፍቷል፣ ሁለቱ ቀይዋን ድንጋይ እንደጨበጡ ናቸው፤ በተከፈቱት መካከል አንዳንዱ ተዘልሏል። በተከፈተው በር በኩል የእማዬ እጅ ይታያል። ሦስት ጣት ተዘርግቷል፣ የቀለበት ጣቷና ጠቋሚዋ ታጥፈዋል። ተመሳሳይ ነበሩ። አንዱ የሌላው ጥላ ነበር።

«እመልሰዋለሁ» አለች እታለም። «ጥፍሩን መልሼ አጥፈዋለሁ።»

እዚህ ላይ እኔም የማውቀው ነገር ነበር፣ ከወለሉ ስጠርግ ስንት ስባሪ አንሥቻለሁ። ያረጀ ወርቅ አንዴ ይታጠፋል፣ አንዴ ይቃናል፤ ሦስተኛውን አይችልም። እሷም ታውቃለች። ግን ልጅ እናቱን በምን ልብ ይተዋል? መጀመሪያ የከፈተችውን ጥፍር በወረንጦ ይዛ፣ በመዳፏ አሙቃ፣ ትንፋሿን ይዛ ወደ ድንጋዩ ገፋችው።

ቀጭ።

ጥፍሩ ተሰብሮ ጨርቁ ላይ ወደቀ። ከክፍሉ ምንም ድምፅ አልመጣም። ሄጄ የእማዬን ትንሿን ጣት ያዝኩ። እንጨት ነበር። ቀዝቃዛ እንጨት።

ወንድማችን በዚያው ቀን ደረሰ፣ «ፈርጤስ?» እያለ። ሁሉንም ነገርነው። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተቆጣ።

«አንቺ ከሙታን ጌጥ ጋር ውለሽ ውለሽ አእምሮሽ ዞረ እንጂ! እናታችን አርጅታለች፣ ታማለች። ቀለበት ምን ያድርግ?»

«ምንም አያደርግ» አለች እታለም። «ግባና እጇን ያዝ።»

«ለምን?»

«ፈራህ እንዴ? ያን የሚያህል አውቶቡስ እየነዳህ!»

ገባ። እያጉረመረመ የእማዬን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እታለም በሥራ ቤቱ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ የአራተኛውን ጥፍር ጫፍ በመርፌ ነካች። ነካች ብቻ፣ አልፈነቀለችም።

የወንድሜን ፊት እያየሁ ነበር። በእጁ ውስጥ የያዛት ጣት ተንቀሳቅሳ ኖሮ ቀለሙ ጠፋ። የእማዬን እጅ ቀስ አድርጎ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠውና ወደ ጓሮ ወጣ። የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ብዙ ጊዜ ሰማሁ። ሲመለስ እጁ እስከ ክርኑ እርጥብ ነው።

«ይቅር» አለ። «ልጄ ያለ ፈርጥም ታገባለች።»

«ተወው ብንለውም አይተወንም» አለች እታለም። «በሁለት ጥፍር ድንጋይ አይቆምም። እንጨቷን ባነሣት ይወርዳል፤ ባላነሣትም አንድ ቀን ይወርዳል።»

«ታዲያ አጣብቂው! ስንት ማጣበቂያ አለ አይደል?»

«ጎጆው ሞቃት ነው። አይይዝም፣ ሞክሬዋለሁ።»

ቢሆንም በሰም ከበበችው። ሰም ቀልጦ ሲደፋ ከሙቀት ጋር አይጣላም፣ ለጊዜው ይይዛል። ድንጋዩን፣ ሁለቱን ጥፍሮች፣ ጎጆውን ሁሉ በሰም ሸፈነችና ከመስኮቱ ርቃ፣ ጥላ ቦታ፣ ሳህኑ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ አልሠራም» ማለት ጀመረች። ሰፈሩ ማውራት የጀመረውም ያኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳህኑ ፊት ትቀመጣለች። እኔ እማዬ አጠገብ እቀመጣለሁ። በሩ እንደተከፈተ ነው። አንዳንዴ «አለች?» ትለኛለች። «አለች» እላታለሁ። «አለ?» እላታለሁ። «አለ» ትለኛለች።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው። የሙቀቱ ወራት ገባ። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ እኩለ ቀን ሲሆን ጣሪያው ጠ፣ ጠ እያለ ይለጠጣል። እታለም ሳህኑን በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ አቆመችው፣ እርጥብ ጨርቅ አጠላችበት። ውሃው ሰዓት ሳይሞላ ለብ ይላል። እሷም ታወቃት፤ የሚያሞቀው ጣሪያው ብቻ እንዳልነበረ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ጎዳናው ጭር ብሏል፣ የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና እንኳን ዝም ብሏል። የእማዬን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩ ነበር። የቀለበት ጣቷ ተንቀጠቀጠችና ተዘረጋች።

«እታለም» አልኩ።

«ሰሙ ለሰለሰ» አለች ከዚያ ማዶ። «አጋደለ። እጄን ባስገባ ይብሳል…»

ጠቋሚ ጣቷ ተዘረጋች። የእማዬ እጅ ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነሙሉ መዳፉ ተከፍቶ አየሁት። መሃሉ ነጭ ነበር፣ ጸሐይ ያላየ ቦታ፣ ጥፍሮቿ የኖሩበት አራት ትንንሽ ጉድጓድ ዙሪያውን።

ጠብ።

ድንጋዩ ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ከእማዬ ክፍል ሆኜ ሰማሁት። እንዴት ትንሽ ድምፅ ነው! እማዬ ትንፋሿን አስወጣች፣ መልሳ አልወሰደችም። ጠበቅኩ። ጣሪያው ጠ አለ። አልወሰደችም።

ዞር ስል እታለም በሩ ላይ ናት። ቀይዋን ድንጋይ በወረንጦ ይዛታለች፣ ደንበኛ ፊት እንደምታደርገው፣ ከሥሯ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ። አላለቀሰችም፣ አልሮጠችም። በሕይወቴ ያን ያህል በዝግታ የምትራመድ ሰው አላየሁም።

«ወንበሩን አምጪልኝ» አለችኝ።

አመጣሁላት። በመጨረሻ እማዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ድንጋዩን በመዳፏ ጨብጣ አሞቀችው፣ ያ ሁሉ ሲሆን እጅ እያስለመደችው ነበር። ከዚያ በእማዬ ክፍት መዳፍ መሃል፣ በአራቱ ጉድጓዶች መካከል አስቀመጠችው፣ ሰፊውን ፊት ወደ ላይ። ጎጆ ውስጥ እንደምታስቀምጥ።

ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረች። በተራ አይደለም፣ አንዱን እየዘለለች። የመሃሏን። አውራ ጣትን ለጊዜው ላላ አድርጋ። የቀለበቷን። ጠቋሚዋን። መጨረሻ አውራ ጣትን መልሳ ከላይ ቆለፈችው። ወርቅ ቢሆን ይሰበር ነበር። ሥጋ ግን ታጠፈ። ትንሿ ጣት ብቻ እንቢ አለች፣ እንጨት እንደሆነች ወደ ጎን ቀረች።

«አልታጠፈችም» አልኩ።

«አራት ይይዛል» አለች እታለም። የእማዬን ጭብጥ በሁለት እጇ ዙሪያውን ያዘችውና ግንባሯን አስደገፈችበት። «አባባ ለቤት ነው የሠራው። አራት ይይዛል።»

ስንት እንደቆየን አላውቅም። የልብስ ሰፊው መኪና መንገድ ማዶ ሥራ ጀመረ። እሱ ጥር፣ ጥር ሲል፣ በዚያ መካከል ሌላ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እታለም ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። እማዬ ነበረች። ከጉሮሮዋ ጥልቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ።

«ሕምም።»

እታለምም «ሕምም» አለቻት።

ሠርጉ አለፈ። ልጅቷ ያለ ፈርጥ፣ በአዲስ ወርቅ ተሞሸረች። ከሠርጉ በኋላ መጥታ የእማዬን ጭብጥ ስትስም «አክስቴ፣ ፈርጤ አያቴ እጅ ውስጥ ነው ያለው ማለት ነው?» አለች፤ አባቷ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። አሁን ሲመጣ አውቶቡሱን ጥግ አቁሞ፣ ከበሩ ላይ «አለች?» ብሎ ነው የሚገባው። አይቀልድም። የድሮው ቀልዱ ትንሽ ይናፍቀኛል።

ነርሷ እጁ መልሶ በመቆለፉ አዘነች። «ተስፋ አትቁረጡ፣ እንደገና ይፈታ ይሆናል» አለችን። እታለም ጭብጡን በብርድ ልብሱ ሸፈነችው።

እታለም የሰው ጌጥ አትነካም። ዓይኗ ደኅና ነው፣ እጇም አይንቀጠቀጥም፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ አሁንም እሷ ናት። ጣውላው ላይ የነበሩትን ጎጆዎች ለየባለቤታቸው መለሰች። አንዱ ብቻ ቀርቷል፣ የአባባ ሥራ፣ አንድ ጥፍሩ የተሰበረ። ስጠርግ ነካ አድርጌው ነበር። ቀዝቅዟል።

እማዬን የምናገላብጣት በየተራ ነው፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል። የእኔ ተራ ሲሆን እታለም ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፣ ብታምነኝም ትለኛለች።

«እጇን ገልብጠሽ እንዳታስተኛት።»

«አውቃለሁ፣ እታለም።»

ጭብጧን ወደ ላይ አድርጌ ትራስ ላይ አሳርፈዋለሁ። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አነጥፋለሁ። አንዳንዴ የቀን ብርሃን በመስኮት ሲገባ፣ ትንሿ ጣት በጎደለችበት ክፍተት በኩል ቀይ ነገር ብልጭ ይላል። ያን ጊዜ መጥረጊያዬን አቁሜ አዳምጣለሁ፣ ትንፋሿን ሳይሆን ጨርቁን።